ጨውና ሙቀት የሚችል ቁምሳጥን፦ በጋቦዴ ለሚሠሩ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ያረጀ ቁምሳጥን ሲፈታ የሚታየው ጉዳት ከቤት ቤት ብዙ አይለያይም። የመሃል ሰሌዳው ደህና ነው፤ ቀለሙም ገና አልደበዘዘም። የማጠፊያው ክብ ሳህን ግን ዙሪያውን ዝጓል፤ ብሎኑ በመፍቻ ሲነካ አንገቱ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ወለል የሚነካው የጎን ሰሌዳ ጠርዝ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ የለበሰው ላስቲክም ከጫፉ ተገልብጧል። የቁምሳጥኑን ዕድሜ ያሳጠሩት ብረቱና እግሩ ናቸው። ስለዚህ በከተማዋ ሰፈሮች፣ በጋቦዴም ሆነ በአምቡሊ፣ በሄሮንም ሆነ በባልባላ ለሚሠራ ባለሙያ የሥራው ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል፦ መጀመሪያ ማጠፊያው፣ ሐዲዱ፣ እግሩና የአየር መተላለፊያው ይወሰናል። የመዝጊያው መልክና ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ በጥር እንኳ ወደ 29 ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ለሚመጣ ባለሙያ አዲስ የሚሆንበት ግን የእርጥበቱ ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ቀለል ባሉ ወራት የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ይወጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ ሲነፍስ ወደ 45 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። እንጨት አየሩን ይከተላል። በእርጥቡ ወቅት 13 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ የነበረ ጣውላ በካምሲን ወራት ወደ 8 በመቶ ይደርቃል። ይህ ልዩነት 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ደንዳና የጣውላ መዝጊያ ላይ ሲሰላ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር መስፋትና መጥበብ ማለት ነው። በነሐሴ ልክክ ብሎ የተገጠመ መዝጊያ በጥር የማይዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛው ደንዳና እንጨት ካልሆነ ካለ መዝጊያው በክፈፍ ይሠራ፤ የመሃል ሰሌዳውም ሳይጣበቅ በክፈፉ ቦይ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ይተው።

ልኬቱ

የግድግዳው ስፋት በሦስት ቦታ ይለካ፦ ከወለሉ አጠገብ፣ በመሃል፣ ከጣሪያው ሥር። ቁመቱም በግራ፣ በመሃልና በቀኝ። ትንሹ ቁጥር ይያዝና ከእሱ ላይ በየጎኑ 10 ሚሊሜትር ይቀነስ፤ የሚቀረው ክፍተት በስስ መሸፈኛ እንጨት ይዘጋል። ውሃ ልክ በወለሉ ላይ በሁለት አቅጣጫ ይቀመጥ፤ ከዚያ ቱንቢ ይውረድ። የመብራት ሶኬት፣ የማቀዝቀዣው የውሃ ማስወገጃ ቱቦና የመስኮቱ መከፈቻ አቅጣጫ በዚያው ወረቀት ላይ ይሣሉ።

አንድ ስሌት ብዙ ጊዜ ይረሳል። 240 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሳጥን ወለል ላይ ተኝቶ ከተገጣጠመ በኋላ ሲነሳ ሰያፉ 247.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጣሪያው 245 ከሆነ ሳጥኑ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ሳጥኑን ከታችና ከላይ በሁለት ክፍል መሥራት፣ ወይም እግሩን ለይቶ ሳጥኑ ከቆመ በኋላ ማስገባት።

ግድግዳውም ይጠየቅ። በመሃል ከተማው በቀድሞው የምኒልክ አደባባይ፣ በአሁኑ የ27 ጁን አደባባይ ዙሪያ ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር አጥብቆ አይይዝበትም፤ ውስጡ ያለው ጨውም ብረቱን ይበላል። በአዳዲሶቹ መንደሮች የሚበዛው ክፍት ብሎኬት ነው። በብሎኬት ላይ አጭር ፊሸር ስሱን ልጣጭ ብቻ ይይዛልና፣ ከኋላ የሚዘረጋ ረጅም ፊሸር ወይም በወንፊት ቱቦ ውስጥ የሚገባ የኬሚካል ማጣበቂያ ያስፈልጋል። በቤቶን ላይ ተራው የናይለን ፊሸር ይበቃል። ግድግዳውን በጣት ማንኳኳትና በአንድ ስውር ቦታ በ6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በስቶ የሚወጣውን አቧራ ማየት ብዙ ያስተምራል።

ደንበኛው ምን ይሰቅላል?

ከአውሮፓ ካታሎግ የተቀዳ ቁምሳጥን ለኮትና ለሱሪ የታሰበ ነው። የጋቦዴ ቤተሰብ ልብስ ሌላ ነው። ሴቶቹ ረጅምና ስስ ድሪዕ አላቸው፤ ወንዶቹ ነጭ ከሚስና ማዕዊስ የሚባል ብዙ ሽርጥ። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከሆነ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ይጨመራል። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ደንበኛው ያለውን ልብስ አልጋ ላይ እንዲዘረጋ ይጠየቅ፤ የሚሰቀለው ከሚታጠፈው ይለይ።

ድሪዕና ከሚስ ወለል ሳይነኩ እንዲሰቀሉ ከዘንጉ በታች ከ150 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ነፃ ቦታ ይፈልጋሉ። ሸሚዝና አጭር ልብስ 100 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዘንግ አንዱን ከአንዱ በላይ ማድረግ ይቻላል። ማዕዊስና ነጠላ ተጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ለእነሱ በመደርደሪያዎች መካከል 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ከዚያ የበለጠ ክፍተት ከተሰጠ ክምሩ ይረዝምና የታችኛው ሲሳብ የላይኛው ይናዳል። ጥልቀቱ ከውስጥ 55 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ የልብስ መስቀያ ራሱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል።

የድሪዕ ጨርቅ በሻካራ ነገር ሁሉ ይያዛል። የብሎን ጫፍ ከሰሌዳው አልፎ ቢወጣ፣ የጠርዝ ልባስ ሹል ሆኖ ቢቀር፣ ዘንጉ ቢላጥ ክሩ ይመዘዛል። ባለሙያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ስስ የናይለን ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የውስጡን ጠርዝ ሁሉ ይዳብስ፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ለዚህ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት የደንበኛዋን ውድ ልብስ ያድናል።

በብዙ ቤቶች ልብስ ዑንሲ በሚባል ዕጣን ይታጠናል። የጭሱ ማጠኛ፣ ዳብቃድ የሚሉት፣ ፍም የያዘ ዕቃ ስለሆነ ቁምሳጥን ውስጥ ፈጽሞ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ከቁምሳጥኑ ውጭ፣ ከጎኑ፣ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ የለበሰ ዝቅተኛ መቀመጫ ይሠራለት፤ ከላዩ ደግሞ ልብስ የሚዘረጋበት ተንቀሳቃሽ ዘንግ ይኑር። ይህ በሥዕሉ ላይ ሲገባ የቤቱ እመቤት ባለሙያው ስለ ቤቷ እንዳሰበ ታውቃለች፤ እሳቱም ከእንጨት ይርቃል።

ሰሌዳው

ጅቡቲ የራሷ የእንጨት ምርት የላትም። በጎዳ ተራራ የዳይ ጫካ ውስጥ ያለው ጽድ ለዓመታት እየደረቀ የሄደ፣ ጥበቃ የሚያስፈልገው ቅርስ ነው፤ ከዚያ መጣ የተባለ እንጨት የሚያቀርብ ቢኖር አይገዛ። ቺፕውዱም፣ ኤምዲኤፉም፣ ኮምፔንሳቶውም ከውጭ በመርከብ ይገባል።

ቺፕውድ ሲገዛ በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 312 ፒ2 የሚባለው ለደረቅ ክፍል የተሠራ ነው፤ ለእርጥብ ቦታ የታሰቡት ፒ3፣ ፒ5ና ፒ7 ናቸው። በኤምዲኤፍም ኤች የሚል ምልክት ያለው እርጥበትን ይችላል። የዚህን ልዩነት መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል፦ ተራ ኤምዲኤፍ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውፍረቱ እስከ 12 በመቶ እንዲያብጥ ደረጃው ይፈቅዳል፤ ባለ ኤቹ እስከ 8 በመቶ ብቻ። በ18 ሚሊሜትር ሰሌዳ ላይ ይህ 2.2 ሚሊሜትርና 1.4 ሚሊሜትር ነው። አረንጓዴ መሃል ያለው ሰሌዳ ሁሉ እርጥበት ይችላል ብሎ ማመን ግን ስህተት ነው፤ ቀለሙን ማንም መጨመር ይችላል። አስተማማኙ ማስረጃ በጥቅሉ ላይ የታተመው ደረጃ ነው። እሱ ከሌለ የሰሌዳው ቁራጭ ይቆረጥ፣ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያድርና ጠዋት እንደገና ይለካ።

ሌላው የሚጠየቀው የፎርማልዴሃይድ መጠን ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲጨምሩ ከሰሌዳው የሚወጣው ጋዝ ይጨምራል፤ ጋቦዴ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ልጆች ለሚተኙበት ክፍል ኢ1 የሚባለውን የልቀት ደረጃ የማያሟላ ሰሌዳ አይግባ።

ለታችኛው ክፍልና ለእግር ሰሌዳ ኮምፔንሳቶ ይመረጥ፤ ያውም በሚፈላ ውሃ በተፈተነ ሙጫ የተያያዘው። መላውን ሳጥን በኮምፔንሳቶ መሥራት ዋጋውን ያንራል። የታችኛውን 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ በኮምፔንሳቶ መሥራት ግን ቁምሳጥኑን ከወለል ውሃ ያድነዋል፤ ለገንዘቡ ከዚህ የተሻለ ውጤት የሚሰጥ ማሻሻያ የለም። ከተማው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ትንሽ ቢሆንም ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በኅዳር 2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጅቡቲ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ባወጡት መግለጫ፣ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ነበር። የአምቡሊ ወንዝ አካባቢ ነዋሪም የሚያዝያ 2004ን ጎርፍ አልረሳም። ስለዚህ ሳጥኑ ቁመቱ በሚስተካከል፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም። ፊት ለፊት የሚሸፍነው ሰሌዳም በመንጠቆ ተይዞ ለመጥረጊያ የሚነሳ ይሁን።

መደርደሪያ ላይ ስግብግብነት አያዋጣም። ልብስ በመደርደሪያው ርዝመት ሁሉ እኩል ሲደረደር የሰሌዳው ጉብጠት በርዝመቱ አራተኛ ኃይል ይጨምራል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 90 ሲረዝም ጉብጠቱ 5 እጥፍ ይሆናል። ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ከዓመት ዓመት ያባብሱታል። በ18 ሚሊሜትር ቺፕውድ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይታለፍ። ካስፈለገ ከፊቱ ጠርዝ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ በቁሙ ይጣበቅ።

ብረቱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዛሬ በዓለም የሚሸጠው የቁምሳጥን ማጠፊያ አብዛኛው በአንድ ልክ የተሠራ ነው፦ መዝጊያው ላይ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ፣ ጎን ሰሌዳው ላይ ደግሞ ከፊቱ ጠርዝ 37 ሚሊሜትር ገባ ብሎ በ32 ሚሊሜትር ርቀት የሚደረደሩ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች። በ1888፣ ፈረንሳዮች ጅቡቲን በቆረቆሩበት ዓመት፣ በጀርመን የተመሠረተው ሄቲችም ሆነ በ1952 በኦስትሪያ የተጀመረው ብሉም ምርታቸው ከዚህ ልክ ጋር ይሄዳል። ከቻይና የሚመጣው ርካሹ ማጠፊያም እንዲሁ። ይህ ለባለሙያው ትልቅ ዕድል ነው፤ በዚህ ልክ የበሳ ሰው የዛገውን ማጠፊያ ከዓመታት በኋላ በሌላ ሲለውጥ አዲስ ቀዳዳ አያስፈልገውም። በራሱ ልክ የበሳ ግን ቁምሳጥኑን ከአንድ ሻጭ ጋር አስሮታል።

ጉድጓዱ ከመዝጊያው ጠርዝ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ይራቅ፤ መሃሉ ከጠርዙ 21.5 ወይም 22.5 ሚሊሜትር ላይ ይወድቃል። ጥልቀቱ 12 ወይም 13 ሚሊሜትር ይበቃል፤ በ16 ሚሊሜትር ሰሌዳ ላይ የሚቀረው 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ የድሪሉ ማቆሚያ ሳይታሰር አይጀመር። በጋቦዴ ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ማጠፊያው ከመግባቱ በፊት የጉድጓዱ ግድግዳና ወለል በትንሽ ብሩሽ በፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ይቀባ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም እንዲሁ። የሰሌዳው ሆድ ተራቁቶ እርጥበት የሚጠጣው በዚህ ጉድጓድ በኩል ነው፤ ብሎኑ የሚላላውም ጉድጓዱ ሲያብጥ ነው። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ሌላ ሥራ ይሠራ።

የማጠፊያው ብዛት በክብደት ይወሰናል። 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ በካሬ ሜትር 13.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 60 በ240 ሴንቲ ሜትር የሆነ መዝጊያ 1.44 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ 19.4 ኪሎ ይሆናል። በተለመደው አሠራር እስከ 1 ሜትር ቁመት ሁለት፣ እስከ 1.5 ሜትር ሦስት፣ እስከ 2 ሜትር አራት፣ እስከ 2.4 ሜትር ደግሞ አምስት ማጠፊያ ይገባል፤ አምስቱ የሚችሉትም እስከ 22 ኪሎ ነው። አሁን ደንበኛዋ በዚያ መዝጊያ ላይ 40 በ160 ሴንቲ ሜትር መስታወት ትፈልጋለች እንበል። 4 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ነው፤ 6.4 ኪሎ ይጨመራል፤ ድምሩ 25.8 ይሆናል። ልኩ አልፏል። ከዚያ ወዲያ ስድስተኛ ማጠፊያ ከመጨመር ይልቅ መዝጊያውን ማጥበብ፣ ወይም መስታወቱን ወደ ጎን ሰሌዳው ውስጠኛ ገጽ ማዛወር ይሻላል።

ስለ ዝገት ሻጭ የሚነግረው ሁሉ አይታመን። ኢኖክስ ወይም ስቴንለስ ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ዓይነት አለ። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። 316 ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይጨመርበታል፤ የባሕርን ጨው የሚቋቋመው በእሱ ነው። ማግኔት ተራውን ብረትና 430 የሚባለውን ዝቅተኛ ስቴንለስ ለመለየት ይረዳል፤ ሁለቱንም ይስባቸዋልና። 304ን ከ316 ግን ማግኔት አይለይም። ለዚያ የሞሊብዲነም መፈተኛ ጠብታ ወይም የፋብሪካው የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ሙሉ የ316 ማጠፊያ ውድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ይመደብ፦ ወደ ባሕር በሚከፈት መስኮት አጠገብ፣ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳና በረንዳ ላይ 316፤ ማቀዝቀዣ ባለው የውስጥ መኝታ ክፍል 304 ወይም ጥሩ የኒኬል ልባስ ያለው ማጠፊያ። ብሎኑ ግን በሁሉም ቦታ ስቴንለስ ይሁን። ከጠቅላላው ዋጋ የብሎን ድርሻ ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚበጠሰውም እሱ ነው።

የመሳቢያ ሐዲድ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከብዙዎች የተለየ አስተያየት አለው። ባለ ኳሱ ሐዲድ በደረቅ አገር ድንቅ ነው። የካምሲን አቧራ ግን ከቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ ሊጥ ይሆናል፤ ጨዉ ደግሞ ኳሶቹን ያዝጋቸዋል። በዱቄት ቀለም የተለበጠው፣ የናይለን ጎማ ያለው ነጭ ሐዲድ ርካሽና ተራ ቢመስልም ለውስጥ ልብስና ለሻሽ መሳቢያ በዚህ ከተማ የተሻለ ነው፤ ብረቱ ተሸፍኗል፣ ጎማው አይዝግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከባድ ዕቃ የሚይዝ መሳቢያ ከሆነ ባለ ኳሱ ይግባ፤ ያን ጊዜ የመሳቢያው የውጭ ስፋት ከክፍቱ 26 ሚሊሜትር ይነስ፤ በየጎኑ 13 ማለት ነው። ደንበኛው በዓመት ሁለት ጊዜ በሲሊኮን ስፕሬይ እንዲጠርገው ይነገረው፤ የምግብ ዘይት ግን አይነካው።

ተንሸራታች መዝጊያ የሚመረጠው አልጋው ከቁምሳጥኑ ከ70 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ግማሹ ብቻ ስለሚከፈት ውስጡ በደንብ አይናፈስም፤ የታችኛው ቦይም አሸዋ ይሞላል። ግድ ከሆነ ከላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ይመረጥ፤ ታች ትንሽ መሪ ብቻ ይኑር። ሐዲዱ አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ሲሆን የስቴንለስ ብሎን በቀጥታ ከአሉሚኒየሙ ጋር እንዳይነካካ የናይለን ሮንዴላ ይግባ። ሁለቱ ብረቶች ጨው ባለበት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል።

የልብስ ዘንግ በየሜትሩ 40 ኪሎ እንደሚሸከም ታስቦ ይመረጥ፤ ከ90 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መሃሉ ላይ ድጋፍ ይጨመር። ክሮም የተለበጠ ብረት ይላጣል፤ ከዚያም ዝገቱ ወደ ነጩ ከሚስ ይተላለፋል። አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ ቱቦ ይግባ። እጀታም እንዲሁ ነው፦ ከቀለጠ ዚንክ ተሠርቶ በክሮም የሚያብለጨልጨው ጠቃጠቆ ያወጣል፤ ደንዳና ናስና እንጨት አብረው ያረጃሉ።

ሳጥኑን ለመግጠም ኮንፊርማት የሚባለው 7 በ50 ሚሊሜትር ብሎንና 8 ሚሊሜትር የእንጨት ችንካር አብረው ይግቡ። ኮላው በኢኤን 204 ዲ3፣ ለታችኛው ክፍል ደግሞ ዲ4 ይሁን።

አየሩ

የቁምሳጥን ሽታ ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ውጭ 35 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 26 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውሃ መጣል ይጀምራል። ማቀዝቀዣው ክፍሉን 22 አድርጎት ከነበረ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ቤተሰቡ ሲወጣ መስኮት ሲከፈት ያ እርጥብ አየር ገብቶ ከቀዘቀዘው ግድግዳና ልብስ ጋር ይገናኛል። ጠብታው በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ሻጋታ ግን የገጹ እርጥበት 80 በመቶ ካለፈ በቂው ነው። የመጀመሪያው ምልክት ከኋላ ባለው ስስ ሰሌዳ ላይ፣ በታችኛው ማዕዘን፣ የሚወጣ ግራጫ ነጠብጣብ ነው።

ስለዚህ ቁምሳጥን በተቻለ መጠን ከውስጥ ግድግዳ ጋር ይቁም፤ የምዕራብ ፀሐይ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ ይራቅ። ምርጫ ከሌለ ከኋላው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። የኋላ ሰሌዳው 3 ሚሊሜትር ከሆነ ይነፋፋል፤ 6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ከታችና ከላይ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ተደርድረው ይበሱ፤ በረሮ እንዳይገባ በናይለን ወንፊት ይሸፈኑ። ሞቃት አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል።

መዝጊያው ፐርሲያና፣ ማለትም በተጋደሙ ስስ እንጨቶች የተሠራ፣ ቢሆን ከሁሉ ይበልጣል። በ27 ጁን አደባባይ ዙሪያ በቅስት በረንዳዎች ላይ የቆሙት አሮጌ ሕንፃዎች መስኮታቸው ፐርሲያና የሆነው ግንበኞቹ ያለ ማቀዝቀዣ ይኖሩ ስለነበር ነው፤ የዚያ ጥበብ ቁምሳጥን ውስጥም ይሠራል። ስስ እንጨቶቹ ወደ ታች በ45 ዲግሪ ተጋድመው ከተደረደሩ የውስጡ ልብስ አይታይም፣ አቧራም በቀጥታ አይገባም። ደንበኛው ለስላሳ መዝጊያ ከወደደ ከላይና ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት።

ውስጡ መብራት ከተፈለገ ኤልኢዲ ስትሪፕ ይበቃል፤ የኃይል መቀየሪያው ሳጥን ግን ሙቀት ስለሚያወጣ ከቁምሳጥኑ ውጭ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይታሰር። መስኮትም የአየር መውጫም በሌለው ክፍል ውስጥ የሚሠራ የልብስ ክፍል ከሆነ በጊዜ የሚሠራ ትንሽ አየር መሳቢያ ይግባ።

ዕቃው ሲጓጓዝ

ሰሌዳውን አዲስ አበባ ቆርጦ በጭነት መኪና በጋላፊ ድንበር ወይም ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ለንግድ በሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር እስከ ናጋድ ማምጣት የሚያስቡ አሉ። ሐሳቡ ይቻላል፤ የባቡር መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሦስት ነገር ግን ይታወስ። ኮንቴይነር ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ ይግላል፤ የጠርዝ ልባስን የሚያጣብቀው ተራው ኢቪኤ ሙጫ በሙቀት የሚለሰልስ ነው። በፒዩአር ሙጫ የተጣበቀ ጠርዝ ሙቀትንም እርጥበትንም ይችላል፤ ለጅቡቲ የሚቆረጥ ሁሉ በእሱ ይለበስ። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ሲደርስ በዚያው ቀን አይገጠም፤ በሚቆምበት ክፍል ውስጥ በሞራሌ ላይ ተደርድሮ ጥቂት ቀን ይክረም። ሦስተኛው ሒሳብ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው፤ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ብር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ይወሰናል። ዋጋው በፍራንክ ይጻፍ፤ ብረቱና ሰሌዳው የሚገዛበት ቅድመ ክፍያም ውሉ በተፈረመ ዕለት ይወሰድ።

ተከላው

በካምሲን ወራት ሥራው በማለዳ ይጀመር። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማው ያርፋል፤ ድሪል የሚያስጮህ ሰው ከጎረቤት ጋር ይጋጫል። አርብ የጸሎትና የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቀጠሮ አይያዝበት።

እግሮቹ ከከፍተኛው የወለል ነጥብ ጀምረው በውሃ ልክ ይስተካከሉ። የሳጥኑ ሁለት ሰያፎች ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ የኋላ ሰሌዳው አይመታ። ቀጥሎ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ይህ ግዴታ ነው። ጅቡቲ ሦስት የመሬት ሰሌዳዎች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ናት፤ በኅዳር 1978 አርዱኮባ እሳተ ገሞራ ከአሳል ሐይቅ አጠገብ ፈንድቷል። መሬት ባይነቃነቅም ልጅ መሳቢያ ከፍቶ ይወጣበታል፤ በሰኔ 2016 የቤት ዕቃ ኩባንያው አይኪያ በአሜሪካ ብቻ 29 ሚሊዮን የሚሆኑ መሳቢያዎችን ከገበያ የሰበሰበው በሕፃናት ላይ ስለወደቁ ነበር። ከላይ በሁለት የስቴንለስ ማዕዘን ብረት፣ ለግድግዳው በተመረጠው ፊሸር ይያዝ።

መዝጊያዎቹ መጨረሻ ይሰቀሉ። በማጠፊያው ላይ ሦስት ማስተካከያ አለ፦ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች። ከላይኛው ማጠፊያ ይጀመር፤ ሸክሙን የሚይዘው እሱ ነው። በመዝጊያዎች መካከል ያለው ክፍተት በደረቁ ወራት 3 ሚሊሜትር፣ በእርጥቡ ወራት 2 ሚሊሜትር ይሁን።

ርክክቡ ላይ ባለሙያው ደንበኛውን ከፊቱ አቁሞ አንዱን መዝጊያ ያላላና እንደገና ደንበኛው ራሱ እንዲያስተካክለው መስቀል መፍቻውን ይስጠው። በመሳቢያው ጥግ ሁለት ትርፍ ማጠፊያ፣ ጥቂት ብሎንና አንድ ትርፍ የዘንግ መያዣ በላስቲክ ታሽገው ይቀመጡ፤ የማጠፊያው ሞዴል ቁጥርና የተገጠመበት ቀን ከላይኛው ሰሌዳ ጀርባ በማርከር ይጻፍ። ተከላው በነሐሴ ከሆነ የጥር የመጀመሪያ ሳምንት ለነፃ ማስተካከያ በውሉ ላይ ይመዝገብ፤ በጥር ከሆነ ደግሞ የሐምሌው።